መጽሐፉ የዘገየባቸው ሰዎች

የፋንታሲ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ሆቴል ውስጥ ነው። መግቢያው ላይ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የስም ካርድ ይታደላል፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን የግድ እናት አባት ያወጡት ስም አይደለም። አሳንሰሩ ውስጥ ካባ የለበሰ ጎልማሳ፣ የካርቶን ሰይፍ የታጠቀች ልጅ፣ እንዲሁም ለሥራ መጥቶ እዚያው ሆቴል ያረፈና ምን እየተካሄደ እንደሆነ ግራ የገባው እንግዳ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ኮሪደሩ ላይ ያገለገሉ መጻሕፍት፣ በእጅ የተሠሩ ቀለበቶች፣ የሌለ አገር ካርታ የታተመባቸው ጨርቆች ይሸጣሉ። ከትንንሾቹ አዳራሾች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ደግሞ ክፍል ሙሉ ሰው በአንድ ጥያቄ ሲፋጠጥ ሊያገኝ ይችላል፦ ባልሮግ ክንፍ አለው ወይስ የለውም?

«የቀለበቶቹ ጌታ»ን በፊልም ብቻ ለሚያውቅ ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም። ፒተር ጃክሰን በ2001 ባወጣው ፊልም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከምድር ሆድ የወጣው የእሳት ጋኔን ሁለት ግዙፍ ክንፎች አሉት። አበቃ። መጽሐፉን ያነበቡት ግን «ቆይ እንጂ» ይላሉ። ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 በታተመው የመጀመሪያ ቅጽ የካዛድ-ዱምን ድልድይ ፍልሚያ ሲተርክ፣ መጀመሪያ በጋኔኑ ዙሪያ ያለው ጥላ እንደ ክንፍ መዘርጋቱን ይነግረናል። ጥቂት መስመሮች ወረድ ብሎ ግን ክንፎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መድረሳቸውን ይጽፋል፤ «እንደ» የምትለዋን ትቷታል።

«የለውም» ባዮቹ ሁለተኛው አነጋገር የመጀመሪያው ተቀጥላ ነው ይላሉ። ደግሞስ ክንፍ ካለው ድልድዩ ሲናድ ምን ብሎ ገደል ገባ? የወዲያኛዎቹ መልስ ያደረ ነው፦ ሰጎንም ክንፍ አላት። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ሳያልቅ አንዱ ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣና ከሌላ የቶልኪን ጽሑፍ ማስረጃ ይጠቅሳል፤ ክርክሩም እንደ አዲስ ይጀመራል።

> ሰጎንም ክንፍ አላት።

ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ይህ ሥራ መፍታት ነው። ትልልቅ ሰዎች፣ ነርሶች፣ መሐንዲሶች፣ የታክስ ባለሙያዎች፣ ዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው በሌለ ጋኔን ክንፍ ይጣላሉ። እኔ ግን የዚህን ሕዝብ ታሪክ በተከታተልኩ ቁጥር አንድ ነገር እየጎላብኝ መጥቷል። ንባብ የብቻ ሥራ ነው፤ ሰውን ጓዳ ያስገባል እንጂ አደባባይ አያወጣም። እነዚህን ሰዎች አደባባይ ያወጣቸው መጽሐፉ የተዘጋበት ሰዓት ነው፤ ቀጣዩ ቅጽ ያልደረሰበት፣ ደራሲው መልሱን ይዞ ዝም ያለበት ሰዓት።

## አድራሻ ያለው ደብዳቤ

ነገሩ የተጀመረው ተራ በሚመስል የአዘጋጅ ውሳኔ ነው። ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የፈለሰው ሁጎ ገርንስባክ በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ፣ በርካሽ ወረቀት የሚታተም መጽሔት አቋቋመ። ስለ ሮኬትና ስለ ሩቅ ዓለማት ነበር የሚያወራው፤ ሳይንስ ልብ ወለድና ፋንታሲ ያኔ እንደ ዛሬው ጥርት ያለ ድንበር አልነበራቸውም። መጽሔቱ የአንባቢያን አምድ ነበረው፤ ከደብዳቤው ግርጌ የጸሐፊው ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻው አብሮ ይታተማል። ሰፈሩ ውስጥ ቀልቡ የተሰለበ ተደርጎ የሚታይ ልጅ፣ በሌላ ከተማ አንድ መሰሉ እንዳለ ያወቀው በዚህ ነው። ለአዘጋጁ መጻፉን ትተው እርስ በርስ ይጻጻፉ ጀመር። ከዚያ ክበብ መጣ፤ ከክበቡ ደግሞ በገዛ እጃቸው እያባዙ የሚያሰራጩት መጽሔት።

የመጀመሪያው የዓለም ሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ በሐምሌ 1939 ኒውዮርክ ላይ ሲካሄድ የመጡት ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ስድስቱ በክበቦች መካከል በነበረ ቁርሾ የተነሳ በሩ ላይ ተመለሱ። ፎሬስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የተባሉ አንባቢዎች ደግሞ እሷ የሰፋችውን የመጪውን ዘመን ልብስ ለብሰው ተንጎራደዱ። ዛሬ ኮስፕሌይ የምንለው፣ ገጸ ባሕርይ መስሎ የመልበስ ልማድ አያቶች እነዚህ ናቸው። ጠቡም አልባሳቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበሩ ማለት ነው፤ ሁለቱም እስካሁን አልቀሩም።

አድራሻ የማተሙ ልማድ ወደ ሥዕላዊ መጽሔቶች ተሻገረ። በ1963 ኒው ጀርዚ ውስጥ የአንድ የወደብ ሠራተኛ ልጅ ለ«ፋንታስቲክ ፎር» የአድናቆት ደብዳቤ ጻፈና ታተመለት። አድራሻውን ያዩ ልጆች የራሳቸውን ብጥስጣሽ መጽሔቶች ይልኩለት ጀመር፤ እሱም ለእነሱ ታሪክ መጻፍ ጀመረ። ልጁ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። «የዙፋኖች ጨዋታ»ን የጻፈው ሰው ደራሲ ከመሆኑ በፊት ደብዳቤ ጸሐፊ አንባቢ ነበር። በኋላ በአንባቢዎቹ ብዙ ሲብጠለጠል ይህን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።

## ሌሊት የሚጮኸው ስልክ

ቶልኪን የኦክስፎርድ መምህር፣ የጥንት እንግሊዝኛ ሊቅ ነበር። «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ሲወጣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ውድ መጽሐፍ ነው፤ ተማሪ የሚገዛው አይደለም። ማዕበሉ የተነሳው በ1965 አሜሪካ ውስጥ ነው። «ኤስ ቡክስ» የተባለ አሳታሚ የቅጂ መብት ሕጉ ላይ ቀዳዳ አግኝቶ፣ ደራሲውን ሳያስፈቅድ ቅጹን በ75 ሳንቲም ቸበቸበው። ቶልኪን ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። ለአሜሪካ አንባቢዎቹ በሚጽፈው መልስ ላይ ያ እትም ያለ ፈቃዱ የወጣ መሆኑን ጣል ያደርግ ጀመር። አንባቢዎቹም ወሬውን አዳረሱለት። በዚያው ዓመት የተፈቀደው የባላንታይን እትም በ95 ሳንቲም ገበያ ሲገባ ሰው ሃያ ሳንቲም ጨምሮ እሱን ገዛ፤ ኤስ ቡክስም ለደራሲው ከፍሎ ዳግም ላለማተም ተስማማ። ጠቡ ለመጽሐፉ ትልቅ ማስታወቂያ ሆነለት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በታሪኩ ጀግና ስም «ፍሮዶ ሕያው ነው» የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ ሰኩ።

የዚህ ሁሉ ፍቅር ዋጋ በስልክ መጣ። ካሊፎርኒያ ማታ ሲሆን ኦክስፎርድ ሌሊቱ ተጋምሷል፤ የሰዓቱ ልዩነት ትዝ የማይላቸው ወጣቶች ሽማግሌውን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሱ ስለ ድዋርፎችና ስለ ኤልፎች ይጠይቁታል። በመጨረሻ ቁጥሩን ከስልክ ማውጫ አስወጣ፤ በ1968 ከባለቤቱ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻዋ ቦርንማውዝ ሸሸ። በዓመቱ ቬራ ቻፕማን የተባለች ሴት ብሪታንያ ውስጥ የቶልኪን ማኅበርን መሠረተች። የ71 ዓመት አዛውንት ነበረች፤ በማኅበሩ ውስጥ የምትጠራው ግን ከመጽሐፉ በተወሰደ ስም፣ ቤላዶና ቱክ ተብላ ነው። የዚህ ዓለም ነዋሪ ሁሉ ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነው የሚሉ ይህችን ሴት ቢያስቧት ጥሩ ነው።

ቶልኪን በ1973 ሲሞት አንባቢዎቹ ለዓመታት የጠበቁት «ሲልማሪሊዮን» ገና ረቂቅ ነበር። ልጁ ክሪስቶፈር አቀናጅቶ በ1977 አወጣው። ማኅበሩ ዛሬም በየመስከረሙ፣ የቢልቦና የፍሮዶ ልደት በሚታሰብበት ሰሞን ኦክስፎርድ ላይ ይሰበሰባል፤ በዎልቨርኮት መካነ መቃብርም ጎራ ይላል። የድንጋዩ ጽሑፍ ከቶልኪንና ከባለቤቱ ኤዲት ስም ሥር «ቤረን» እና «ሉቲየን» የሚሉ ሁለት የልብ ወለድ ፍቅረኞች ስሞች አሉት። ጎብኚዎች ቀለበት፣ ሳንቲም፣ የታጠፈ ወረቀት ትተው ይሄዳሉ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱ ጨዋታ አለው። ፊልሙን ሲያይ «ጎንዶር» የሚለው የአገር ስም ሲጠራ «ጎንደር!» ብሎ ከወንበሩ ያልተነሳ ማን አለ? የቶልኪን ወዳጆች ይህን ከብዙ ሰው ሰምተውታል፤ መልሳቸውም ደራሲው በደብዳቤው የስሙን ሥር ልጅ ሳለ ባነበበው ስለ ጥንታዊት ብሪታንያ በሚያወሳ መጽሐፍ ካገኘው፣ ድንጋይ ማለት ከሆነ ቃል ጋር አያይዞ ማስረዳቱ ነው። እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ ግን አያስፈልግም። ይኸው ሰው በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው ጥናት የጥንት እንግሊዛውያን ጸሐፍት ኢትዮጵያውያንን የጠሩበትን ስም የሚመረምር ነው። በስሙ ውስጥ ፀሐይንና ጥላሸትን አየ፤ ከዚያም የእሳት ጋኔኖቹ ሐሳብ ተጸነሰ ብለው የሚከራከሩ አጥኚዎች አሉ። ለእኛ ሙገሳ መሆኑ ያጠራጥራል። ለክርክር ግን ከጎንደር የተሻለ መሣሪያ ነው።

## «አንብብና ታገኘዋለህ»

ጥበቃ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደሚፈጥር ለማየት ከሮበርት ጆርዳን አንባቢዎች የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ጆርዳን የብዕር ስም ነው፤ ሰውየው ጄምስ ኦሊቨር ሪግኒ ይባላል፤ የሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ልጅ፣ በቬትናም ጦርነት የሄሊኮፕተር ተኳሽ፣ በኋላም የባሕር ኃይል የኑክሌር መሐንዲስ። «የዘመን መንኮራኩር» ብለን ልንጠራው የምንችለው ተከታታይ ሥራው የመጀመሪያ ቅጽ በ1990 ወጣ። ውሉ ስድስት መጽሐፍ ይል ነበር። ሲያልቅ አሥራ አራት ሆነ፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቃላት።

በ1993 በወጣው አምስተኛው ቅጽ መጨረሻ ገጾች ላይ አስሞዲያን የሚባል ገጸ ባሕርይ አንድ በር ይከፍታል። ከበሩ ወዲያ የቆመውን ያውቀዋል፤ ይደነግጣል፤ ይሞታል። ገዳዩ ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ምዕራፉም ሌላ ነገር ማውራቱን ይቀጥላል።

አንባቢዎቹ እዚህች ግማሽ ገጽ ላይ ሰፈሩ። በይነመረብ ያኔ በአብዛኛው ገና ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ደረቅ ጽሑፍ ነበር፤ በዚያች ጠባብ መስኮት ተጠርጣሪዎችን ዘርዝረው፣ እያንዳንዱ በዚያ ቀን የት እንደነበረ፣ አስሞዲያንን በመልክ ሊያውቅ ይችል እንደሆነ፣ ምን ቂም እንደነበረበት፣ ሬሳውስ የት እንደገባ በሠንጠረዥ አወጡ። አንዱ የሚምልበትን ተጠርጣሪ ሌላው በሦስት ማስረጃ ነፃ ያወጣዋል። ጀማሪ አንባቢ ዘሎ ገብቶ «ለመሆኑ አስሞዲያንን ማን ገደለው?» ሲል ነባሮቹ በአንድ ድምፅ ያቃስታሉ፤ ቀጥሎ ግን እነሱው ራሳቸው መከራከር ይጀምራሉ።

ደራሲውስ? ጆርዳን ፍንጩ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለ፣ ያስተዋለ ሰው እንደሚደርስበት ይናገር ነበር፤ የአንባቢዎቹ መወዛገብም ያዝናናው ነበር። ፊርማ ለማስፈረም ተሰልፎ ተራው የደረሰው ሰው ስለ ቀጣዩ ቅጽ ሲጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንብብና ታገኘዋለህ። የአራቱ እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ተጣምረው «ራፎ» የሚል ቃል ወጣቸው፤ ቃሉም የማኅበረሰቡ ሰላምታም ቀልድም ሆነ።

> ጥያቄው ለአሥራ ሰባት ዓመት ተጠበቀ፤ መልሱ የስሞች መፍቻው ውስጥ ተወሸቀ።

መልሱ የመጣው በ2010 ነው፤ በአሥራ ሦስተኛው ቅጽ፣ ያውም ከኋላ ባለው የስሞች መፍቻ ውስጥ፣ እግረ መንገዱን በተጣለች ዐረፍተ ነገር። አሥራ ሰባት ዓመት የተጠበቀ ምስጢር በግርጌ ማስታወሻ ዓይነት ሲነገር አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱም ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ይግባኝ አለ። ገዳዩን እኔም እዚህ አልጽፍም። አንብቡና ታገኙታላችሁ።

ከዚህም የሚብስ አለ። ብዙ አንባቢዎች ማዝሪም ታይም የተባለው ሰው ስሙን የቀየረ ጥንታዊ ጠላት ነው ብለው ደመደሙ፤ ለድምዳሜው የሁለቱን ስም አዋሕደው መጠሪያ ሁሉ ሰጡት። ጆርዳን «አይደለም» ብሎ በግልጽ አስተባበለ። ከዚያስ? ሐሳቡ የእሱ ነበር፣ እኛ ቀድመን ስለነቃንበት ለወጠው የሚሉ ዛሬም አሉ። ስለ መጽሐፉ ከደራሲው በላይ አውቃለሁ ማለት በዚህ አገር ነውር አይደለም።

ፌዙ ከአክብሮቱ እኩል ነው። ናይኒቭ የምትባለው ጀግና በተናደደች ቁጥር ሹሩባዋን ትጎትታለች፤ ብዙ ጊዜ ትናደዳለች። ሦስቱ የመንደር ጓደኛሞች ራንድ፣ ማትና ፔሪን እያንዳንዳቸው ሴት የሚገባቸው ሌሎቹ ሁለቱ እንደሆኑ ያምናሉ፤ ይህች ቀልድ በየቅጹ ትመላለሳለች፤ አንባቢዎችም በመጣች ቁጥር ይቆጥሯታል። ታሪኩ ጭቃ እንደያዘው ተሽከርካሪ የቆመባቸውን ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ያሉ ቅጾች ደግሞ «ማዝገሚያው» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። በ2003 የወጣውን አሥረኛውን የሚወድ ሰው መኖሩን ሰምቼ አላውቅም፤ ያላነበበው ግን የለም።

## ደራሲው ሳይጨርስ ሲሞት

በ2006 ጆርዳን ብርቅ የሆነ የልብ በሽታ እንደያዘው ለአንባቢዎቹ በይፋ ነገረ። የመጨረሻው ቅጽ መጽሐፍ መደብር በጋሪ የሚገፋው ቢሆን እንኳ አንድ መጽሐፍ ይሆናል ብሎ ይቀልድ ነበር። በመስከረም 2007 ሞተ። የመዝጊያውን ትዕይንት ጽፏል፤ ቀሪውን አልጋ ላይ ሆኖ ለቤተሰቡ ተርኮ፣ ብዙ ማስታወሻም ትቷል።

ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል የመጽሐፎቹ አርታዒም ነበረች። ማን ይጨርሰው የሚለው ራስ ምታት ይዟት ሳለ አንድ ወጣት ደራሲ ለጆርዳን የጻፈውን የስንብት ጽሑፍ አነበበች። ብራንደን ሳንደርሰን ይባላል፤ ተከታታዩን ከጉርምስናው ጀምሮ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ደወለችለት። አንድ ይሆናል የተባለው ቅጽ ሦስት ሆኖ የመጨረሻው በጥር 2013 ወጣ። ወራሹ ከአንባቢው ሰልፍ ውስጥ ነው የተገኘው፤ እነዚህን ሰዎች ሥራ ፈት የሚሏቸው ይህን ታሪክ ብዙም አያነሱትም። ሳንደርሰን እስካሁን መልስ ላልደረሰለት ጥያቄ «ራፎ» የሚል ካርድ ያድላል።

ለቴሪ ፕራቼት የተደረገው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እንግሊዛዊው ቀልደኛ ደራሲ አርባ አንድ የ«ዲስክዎርልድ» ልብ ወለዶችን ጽፎ በመጋቢት 2015 አረፈ። በ2004 ባወጣው አንድ መጽሐፉ ውስጥ መልእክት የሚተላለፈው በየኮረብታው በተተከሉ ማማዎች ነው፤ ከማማ ወደ ማማ በምልክት። ሠራተኞቹ የሞተ ባልደረባቸውን ስም ከሦስት ፊደላት ጋር ይልኩታል። የመጀመሪያው ፊደል «አሳልፈው» ይላል፤ ሁለተኛው «አትመዝግበው»፤ ሦስተኛው «መስመሩ ጫፍ ሲደርስ መልሰው»። ስሙ እንዲህ ሲመላለስ ይኖራል።

ኮምፒውተር የሚያውቁ አንባቢዎቹ ይህን በእውነት አደረጉት። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ሰው ከሚያየው ጽሑፍ በፊት ማሽን ለማሽን የሚልከው የአርዕስት መረጃ አለ፤ ቋንቋው፣ ዓይነቱ፣ ቀኑ። እዚያ ውስጥ «ኤክስ-ክላክስ-ኦቨርሄድ» የሚል መስመር ከፍተው ሦስቱን ፊደላትና የፕራቼትን ስም ጨመሩ። ገጹን የሚያነብ አያየውም፤ ምንም ሥራ አይሠራም። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ድረ ገጾች ተቀብለው አስገቡት፤ ስሙ ዛሬም በሽቦው ውስጥ ይመላለሳል።

## የጆን ስኖው እናት

(«የዙፋኖች ጨዋታ»ን እስካሁን ያላየ ካለ ወደሚቀጥለው ንዑስ ርዕስ ይዝለል።)

የማርቲን የመጀመሪያ ቅጽ በ1996 እንደወጣ ንቁ አንባቢዎች አንድ ነገር ሸተታቸው። ኔድ ስታርክ ከጦር ሜዳ ይዞት የመጣው ዲቃላ ጆን ስኖው የእሱ ልጅ አይደለም፤ የእህቱ የሊያናና የልዑል ሬጋር ልጅ ነው። ማስረጃቸው የተበታተነ ነው፤ ሰማያዊ ጽጌረዳ፣ በትኩሳት መካከል የመጣ ሕልም፣ አንድ ቃል ኪዳን። ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ ታሪኩን ለቴሌቪዥን ለማብቃት ፈቃድ ሊጠይቁ ሲመጡ ማርቲን የፈተናቸው በዚሁ ጥያቄ ነው፦ የጆን እናት ማን ናት? መለሱ፤ ፈቃዱን አገኙ። ቴሌቪዥኑ ነገሩን ለሕዝብ ያወጣው በ2016 ነው፤ የዓለም ተመልካች አፉን ሲይዝ የመጽሐፉ ሰዎች «ሃያ ዓመት ሙሉ ነግረናችሁ ነበር» ብለው ተኩራሩ።

ማርቲን የገዛ ዓለሙን ዝርዝር ሲረሳ የሚጠይቃቸው አንባቢዎች አሉት። ስዊድን የሚኖሩት ኤሊዮ ጋርሲያና ሊንዳ አንቶንሰን የየገጸ ባሕርዩን የዓይን ቀለምና የየቤተሰቡን ሐረግ ከእሱ በተሻለ ያውቃሉ፤ በ2014 የታሪኩን ዓለም የሚያስረዳውን ትልቅ መጽሐፍ አብረውት ጻፉ።

አምስተኛው ቅጽ በ2011 ወጣ። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሚቀጥለውን ክፍል የሚጠብቅ ሰው ከጎረቤቱ ጋር «በዛብህ ምን ይሆን?» ብሎ እንደሚያወጋው፣ እነዚህም ያወጋሉ፤ ልዩነቱ የእነሱ ቀጠሮ ቀን የለውም። በጥበቃው ውስጥ ግን መራራ ነገር በቀለ። ደራሲው የአሜሪካን እግር ኳስ ሲያይ ለምን አይጽፍም፣ ሌላ መጽሐፍ ለምን አሳተመ፣ ዕድሜው ስንት ደረሰ እያሉ በአደባባይ የሚያሰሉ ብዙ ናቸው። ይህ ለእኔ ከፍቅር ወጥቶ ወደ ዕዳ መሰብሰብ የገባ ነገር ነው። ገዢው የከፈለው በእጁ ላለው ቅጽ ነው፤ ለሚቀጥለው ቀብድ አልሰጠም። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ታሪክ ተጀምሮ ሲሸጥ የመጨረስ ቃል አብሮ ተሸጧል ይላሉ፤ ሐሳቡ ጨርሶ ከንቱ ነው ብዬም አልገፋውም። ቴሌቪዥኑ ታሪኩን በ2019 በራሱ መንገድ ሲጨርሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገና ይሠራ ብሎ ፈረመ።

> ገዢው የከፈለው በእጁ ላለው ቅጽ ነው፤ ለሚቀጥለው ቀብድ አልሰጠም።

የማያስጠብቅ ደራሲስ? ሳንደርሰን በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በይፋ ሳይናገር አራት ልብ ወለድ ጽፎ በመጋቢት 2022 ለአንባቢዎቹ በቀጥታ አቀረበ። ከ185 ሺህ በላይ ሰዎች ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ።

## በር ጠባቂዎቹ

ይህ ሁሉ ጨዋታና ሳቅ ብቻ ነው ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። «እውነተኛ አንባቢ» ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሁሌም አለ፤ ፊልሙን አይቶ የመጣው በመጽሐፉ ሰው ይናቃል፣ ሴት ልጅ ስለ ሰይፍ ስታወራ በጥያቄ ትፈተናለች። ቁርሾው በ2015 የገርንስባክን ስም የያዘው፣ አንባቢዎች በድምፅ የሚሰጡት የሁጎ ሽልማት ላይ ፈነዳ። ሽልማቱ ፖለቲካ ገብቶበታል፣ የቆየው የጀብዱ ታሪክ ተገፍቷል ያሉ ወገኖች ተደራጅተው ዕጩዎቹን በራሳቸው ዝርዝር ሞሏቸው። መራጩ አንባቢ በአምስት ዘርፎች «ማንም አይሸለም» ብሎ ድምፅ ሰጠ። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት፣ ከ2016 እስከ 2018፣ የምርጥ ልብ ወለዱን ሽልማት በተከታታይ የወሰደችው ኤን. ኬ. ጀሚሲን ናት፤ በዚያ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ማንም አልነበረም። ጠቡ ግን አልቆመም፤ በ2022 የቶልኪን ዓለም በቴሌቪዥን ሲመጣ ጥቁር ኤልፍ አየን ብለው ተዋናዩን የሰደቡ ሰዎች ስለ ጋኔን ክንፍ በትዕግሥት ሲከራከሩ የኖሩት እነዚያው ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሰብ አያስደስትም።

## በፍላሽ የመጣው ድራጎን

አዲስ አበባ ላይ አብዛኛው ወጣት ከዚህ ዓለም ጋር የተዋወቀው በመጽሐፍ አይደለም። ፊልም ቤት ገብቶ ፍላሹን ሰጥቶ «ጌም ኦፍ ትሮንስ ሙሉውን ገልብጥልኝ» ብሎ ነው። ከዚያ ጥቂቶቹ ቀጥሎ ምን ሆነ የሚለው እንቅልፍ ነስቷቸው ወደ ንባብ ተሻገሩ፤ አንዳንዱ ከአዟሪ ገጹ የተጎሳቆለ ቅጂ ገዛ፣ አብዛኛው ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ አወረደ። ዋሽንግተን አካባቢ ያደጉት ልጆች ደግሞ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተውሰው ያነበቡ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ወሬው ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ስድቡ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። እናቶቻቸው «ይሄ የጠንቋይ መጽሐፍ» ማለታቸውን ሁለቱም ወገን በሳቅ ይመሰክራሉ።

የጆርዳን ታሪክ በኅዳር 2021 በአማዞን በኩል ቴሌቪዥን ላይ መጥቶ ነበር። ከሦስት ምዕራፍ በኋላ በግንቦት 2025 ተቋረጠ። በመካከሉ መንገድ ላይ የተጣሉት አዳዲስ ተመልካቾች ወደ መጽሐፎቹ ሲዞሩ ነባሮቹ ሠላሳ ዓመት የተካኑበትን ነገር ይዘው ተቀበሏቸው፦ ምክርና ጭቅጭቅ። የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ከየት ይጀመር የሚለው ነው። በ2004 የወጣ፣ ከዋናው ታሪክ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን የሚተርክ አጭር ቅጽ አለ። በጊዜ ቅደም ተከተል እሱ ይቅደም የሚሉ አሉ፤ በታተመበት ተራ ከአሥረኛው ቀጥሎ ይነበብ የሚሉ አሉ፤ ጨርሶ ለመጨረሻ ይቆይ የሚሉም አሉ። እኔ የሁለተኞቹ ወገን ነኝ። አሥረኛውን የጨረሰ ሰው ቶሎ የሚያልቅ ነገር ይገባዋል። የፊተኞቹ ምስጢሩን አስቀድመው ያፈሳሉ፤ የኋለኞቹ ደግሞ ምን እንደሚያስቡ እነሱው ይንገሯችሁ፤ ዝም አይሉምና።